ብዕሬና ቀለሟ

አማርኛ መማርን በቀለም ይለካል። የተማረውን ሰው «ቀለም የቆጠረ» ይለዋል፤ ትምህርት ቶሎ የሚዘልቀውን «ቀለም የሚገባው»፤ ከሁሉም የላቀውን ደግሞ «የቀለም ቀንድ» ብሎ ያሞግሰዋል። ተማሪዎችም በበኩላቸው ከደብተሩ የማይለየውን ጓደኛቸውን «ቀለሜ» እያሉ ያሾፉበታል። ልብ ብላችሁ እንደሆነ፣ በዚህ ሁሉ አነጋገር ውስጥ ወረቀት የለም፤ መጽሐፍም የለም። ያለው ጣት የሚያቆሽሸው፣ ሲደርቅ ግን ቃል ሆኖ የሚቀረው ፈሳሽ ነው። የቀለም ቀንድም ቢሆን ለውዳሴ የተፈጠረ ምስል ብቻ አይደለም። ቁም ጸሐፊዎች ሹል ጫፉን መሬት ላይ ተክለው ብዕራቸውን የሚያጠቅሱበት፣ እውነተኛ የከብት ቀንድ ነው።

እኔ ቀኑን በባንክ መስኮት ኋላ፣ ሌሊቱን በግጥም የማሳልፍ ሰው ነኝ። በሁለቱም ሥራዬ መካከል የምትመላለስ አንዲት ነገር ብትኖር ከደረት ኪሴ የማትለየው ብዕሬ ናት። እስክሪብቶ ማለቴ አይደለም። ከጠርሙስ ቀለም የምትጠጣውን፣ ካልተንከባከቧት የምትደርቀውን፣ ካልተጠነቀቁላት የምታለቅሰውን ብዕር ማለቴ ነው። ሰዎች «በዚህ ዘመን!» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ይሁን እንጂ ከዚህች ብዕር ጋር ያለኝ ፍቅር ከልጅነቴ የጀመረ ስለሆነ፣ ዛሬ ስለ እርሷ ጥቂት ብጽፍ አንባቢዎቼ እንደማትታዘቡኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

ፍቅሩን ያስያዘኝ አጎቴ ነው። አጎቴ በቦረና ገጠር ቀበሌዎች ለረጅም ዘመን ያስተማረ መምህር ነበር። በዚያን ጊዜ በእኛ አገር አንድ ሰው ማንበብና መጻፍ መቻሉ የሚታወቀው ከኮቱ ኪስ ብቅ በምትለው የብዕር ማንጠልጠያ ነበር። ገበያ ላይ ሰው ደብዳቤ ሊያስነብብ ሲፈልግ ፊት አያይም፤ ደረት ያያል። የአጎቴ ብዕር የቻይና ሥሪት ነበረች፤ ሰውነቷ እንደ ወይራ ቅጠል የጠቆረ አረንጓዴ፣ ክዳኗ ቢጫ ብረት። እሑድ ከሰዓት በኋላ ደጅ ላይ በርጩማ ያወጣና የቀለሙን ጠርሙስ ይከፍታል። የብዕሯን ጫፍ ከቀለሙ ያጠልቅና በሆዷ ያለችውን የጎማ ከረጢት ጫን ለቀቅ፣ ጫን ለቀቅ ያደርጋታል። እኔም አጠገቡ ቁጢጥ ብዬ ስትተነፍስና ስትጠጣ አያት ነበር። «እንስሳ ናት እንዴ?» ብዬ ጠይቄው «ከእንስሳም ላም ናት፤ ካላጠጣሃት አትታለብም» ያለኝ ዛሬም ትዝ ይለኛል። ጡረታ ሲወጣ ያችን ብዕር ለእኔ ሰጠኝ። በእርሷም የመጀመሪያውን ግጥሜን ጻፍሁ። ግጥሙ ጠፍቷል፤ ብዕሯ አለች።

አጎቴ የብዕሯን ምሥጢር በአስተማሪ ወግ ነበር ያስረዳኝ። ሙሉ ጠርሙስ ደፍተን ውኃ ስንቀዳ ብልቅ ብልቅ የሚለው፣ ውኃው እንዲወጣ አየር መግባት ስላለበት ነው። ብዕርም እንዲሁ ናት፤ ቀለም የምትሰጠው አየር በተቀበለችበት ልክ ነው። አየሩ በአንድ ጊዜ ከገባ ቀለሙ ይዘረገፋል፤ ካልገባ ደግሞ ብዕሯ ትነጥፋለች። እንግዲህ የሰው ልጅ ይህን ሚዛን እስኪያገኝ ብዙ ደክሟል። በ10ኛው ክፍለ ዘመን የፋጢሚዱ ኸሊፋ አል-ሙዒዝ ቀለሙን በሆዱ ይዞ የሚጽፍ፣ ቢዘቀዝቁትም እጅና ልብስ የማያቆሽሽ ብዕር እንዲሠራለት ማዘዙ በዘመኑ ተጽፏል። ነገሩ ግን የብዙ ሰው መሣሪያ የሆነው ከዘጠኝ መቶ ዓመታት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1884 ሉዊስ ኤድሰን ዋተርማን የተባለ የኒው ዮርክ የኢንሹራንስ ሻጭ ቀለሙ በቀጫጭን ቦዮች እየወረደ አየሩ በዚያው እንዲመለስ የሚያደርግ ብዕር ሠርቶ የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። የቀረውን የሚሠራው የብረቱ ጫፍ መካከል ያለው ከፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ነው። ኩራዝ ጋዙን በክሩ እንደሚስበው ሁሉ ስንጥቁም ቀለሙን እየሳበ እስከ ወረቀቱ ያደርሰዋል። ለዚህ ነው እንዲህ ያለች ብዕር መጫን የማትወደው። ወረቀቱን መንካት ይበቃታል።

እስክሪብቶ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ላስሎ ቢሮ የተባለ የሀንጋሪ ጋዜጠኛ የጋዜጣ ማተሚያ ቀለም ቶሎ መድረቁን አይቶ፣ ወፍራም ቀለምን በምትሽከረከር ትንሽ ኳስ የሚያስተላልፍ ብዕር እ.ኤ.አ. በ1938 አስመዘገበ። እ.ኤ.አ. በ1950 ደግሞ ፈረንሳዊው ማርሴል ቢሽ እኛ «ቢክ» የምንላትን ርካሽ ብዕር ለዓለም አዳረሰ። ቢክን አልነቅፍም። የገጠር ልጅ በጥቂት ሳንቲም ፈተና መውሰድ የቻለው በእርሷ ነው፤ እኔም ከነዚያ ልጆች አንዱ ነኝ። ውለታዋ ትልቅ ነው። ነገር ግን የፊደላችንን ቅርጽ የምታውቀው አይመስለኝም። በብራና ላይ የተጻፈ ግእዝ አይታችሁ ከሆነ፣ የፊደሉ ቋሚ እግር ወፍራም፣ አግዳሚው ቀጭን ነው። ይህ ውፍረትና ቅጥነት የጠፍጣፋ ብዕር ልጅ ነው። ኳስ ወዴትም ብትዞር አንድ ዓይነት መስመር ነው የምታሰምረው፤ «መ» እና «ጠ» በእርሷ እጅ እንደ ሽቦ ይታጠፋሉ።

የአገሬን ደጋ ከብዕር አንፃር ስመለከተው ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ነገር አለ። በምዕራብ ደቡብ ወሎ፣ ከቦረናና ከወግዲ እስከ ከለላና ሳይንት፣ ሁለት የጽሕፈት ቤቶች ጎን ለጎን ኖረዋል። አንደኛው የቤተ ክህነቱ ነው። እንደ ሳይንቷ ተድባበ ማርያም ባሉ ጥንታዊ አድባራት ዙሪያ ካህናትና ደቀ መዛሙርት ብራና ፍቀው፣ መቃ ቀርፀው ጽፈዋል። ጥቁሩን ቀለም የሚያዘጋጁት ከጥላሸት፣ አርሮ ከከሰለ እህል፣ ከቅጠላ ቅጠልና ከሙጫ ነው። ወቅጠውና በጥብጠው ለወራት ያቆዩታል፤ እንደ ጥሩ ጠላ ሲቆይ ነው የሚበስለው። ቀዩ ደግሞ ለአምላክና ለቅዱሳን ስም፣ ለአዲስ ምዕራፍም መክፈቻ ይውላል። ሁለተኛው ቤት የቁርዓን ቤቱ ነው። በዚያም ደረሳው በሸምበቆ ብዕርና በጥላሸት ቀለም ምዕራፉን በእንጨት ሉሕ ላይ ይጽፋል፤ በቃሉ ሲይዘው ያጥበዋል፤ ቀጣዩን ይጽፍበታል። የወሎ ሸኾች አማርኛን በዐረብኛ ፊደል እየከተቡ መንዙማ ያቆዩልን በዚሁ ብዕር ነው።

ሁለቱን ቤቶች ደግሞ አንድ ቃል ያዛምዳቸዋል። በዐረብኛ «ቀለም» ማለት ብዕር ነው፤ 68ኛው የቁርዓን ምዕራፍ የሚጠራውም በዚሁ ስም ነው። በእኛ አማርኛ ግን «ቀለም» ብዕሩ የሚጠጣው ፈሳሽ ሆነ። የሁለቱም ሥር ሸምበቆን «ካላሞስ» ወደሚለው ወደ ጽርእ ቋንቋ ይመለሳል። የራሳችን «ብዕር» እንኳ ከግእዙ «ብርዕ» የመጣ ነው፤ ትርጉሙም ያው ሸምበቆ፣ አገዳ። እንግዲህ ከወንዝ ዳር የተቆረጠች አንዲት ሸምበቆ ለአንዱ ብዕር፣ ለሌላው ቀለም ሆና ተካፍለዋታል ማለት ነው። በአንድ ገበያ እየተገበያየ፣ በሐዘንም በደስታም እየተጠራራ ለኖረ የወሎ ሰው ይህ አያስገርመው ይሆናል። እኔን ግን ባሰብሁት ቁጥር ደስ ይለኛል።

የጽሕፈት ነገር በዚህ አውራጃ ሐዘንም አለው። ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሊያሠሩት ላሰቡት የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ከየአድባራቱ መጻሕፍት አሰብስበው ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አምባው በእንግሊዝ ጦር እጅ ሲወድቅ ተዘረፉ። ከእነርሱም 350 ያህሉ ለንደን ገብተው ዛሬ በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ስለ ወርቁ ዘውድና ስለ ጽዋው ብዙ ተብሏል። እኔ ግን አንዳንድ ሌሊት የማስበው ስለ ጸሐፊዎቹ ነው፤ ቀለሙን ስንት ወር አቆይተው፣ ስንት መቃ ቀርፀው፣ ስንት ክረምት አጎንብሰው ይሆን? የእነዚያ ሰዎች እጅ በለንደን መደርደሪያ ላይ እስካሁን አልደበዘዘም።

ወደ ብዕሬ ልመለስ። መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺህ 500 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከእርሷ ተነስቶ አባይን ተሻግሮ ወደ ጎጃም የሚያልፍ መንገደኛ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ እንደገና ዳገቱን ይወጣል። ከደጋው ብርድ ወደ በረሃው ወበቅ፣ ከበረሃው መልሶ ወደ ደጋ። በዚህ መንገድ ላይ ግማሽ ቀለም የያዘች ብዕር ኪሳችሁ ካለች ወዮላችሁ! ቆላ ላይ በሆዷ የገባው አየር ሽቅብ በወጣችሁ ቁጥር ግፊቱ ይቀልለትና ይሰፋል፤ ሲሰፋም ቀለሙን ገፍቶ ያስወጣዋል። መፍትሔው ወይ ሞልቷት ወይ አራግፏት መሄድ፣ ጫፏንም ወደ ሰማይ አቅንቶ መያዝ ነው። ይህን ጥበብ ከማወቄ በፊት አባይን በተሻገርሁበት በአንዱ ቀን ነጭ ሸሚዜ ደረቱ ላይ ሰማያዊ ሐይቅ አበጀ። ሸሚዙ ባይመለስም ከጉዞው አራት ስንኝ ተርፎኛል፦

ሸምበቆ ነበርሽ ከወንዝ ዳር የበቀልሽ፣
በቢላ ተቀርፀሽ ጥላሸት የጠጣሽ፤
ዛሬም ብረት ሆነሽ ከኪሴ ተኝተሽ፣
የወንዝሽን ወሬ ታንጠባጥቢያለሽ።

የባንክ ሥራ ለእንዲህ ያለች ብዕር የሚመች አይደለም። ምክንያቱ ካርቦን ነው። ገንዘብ ገቢና ወጪ የሚደረግበት ቅጽ ከአንድ በላይ ቅጂ ስለሚያስፈልገው ከላይ ያለው ጽሑፍ በካርቦኑ አልፎ ከታች እንዲታተም በኃይል መጫን ግድ ይላል። ቀድሞ እንደነገርኋችሁ ብዕሬ መጫን አትወድም። እኔ እንደምገምተው የዓለምን መሥሪያ ቤቶች ለእስክሪብቶ ካስረከቧቸው ነገሮች አንዱ፣ ከዋጋው ቀጥሎ፣ ይህ ስስ ጥቁር ወረቀት ነው። አሁን ደግሞ ካርቦኑም በተራው እየተሰናበተ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ቴሌብር መጥቷል፤ የባንኮቹም የስልክ መተግበሪያዎች በዝተዋል፤ ብዙ ገንዘብ ያለ አንዲት ጠብታ ቀለም ይዘዋወራል። ለደንበኛ ይበጃልና አላዝንበትም። ይሁንና ሰው በገዛ እጁ ስሙን የሚጽፍበት ቀን ቁጥሩ እየቀነሰ መሄዱን በመስኮቴ በኩል አያለሁ።

በዚሁ መስኮት አንድ ቀን በዕድሜ የገፉ ገበሬ ሒሳብ ሊከፍቱ መጡ። ቅጹን ሞላሁላቸው፤ ለፊርማ ናሙናው ተራ ሲደርስ በክር የታሰረውን እስክሪብቶ አሳየኋቸው። አንስተው ሞከሩት፤ መልሰው አስቀመጡት። ከዚያ ወደ ደረት ኪሴ ጠቆሙ።

«ልጄ፣ ያች ብዕርህ ቀለም ትጠጣለች?»

«አዎ አባባ፣ ከጠርሙስ ነው የምሞላት።»

«እንግዲያው እሷን ስጠኝማ። በዚህ በደረቁ እጄ አይሄድልኝም።»

ብዕር አይዋሰውም የሚባል አባባል በወዳጆቿ ዘንድ አለ። ጫፏ ከባለቤቷ እጅ ጋር እየተሟረደ ስለሚለምድ፣ ሌላ እጅ ያሳስታታል ይባላል። ሰጠኋቸው። አዛውንቱ ብዕሯን እኛ እንደምንይዘው ሳይሆን አጋድመው ያዟት፤ ትንፋሻቸውን ሰብሰብ አደረጉ፤ ከቀኝ ወደ ግራ በዐረብኛ ፊደል ስማቸውን እስከነአባታቸው ጻፉ። መስመሩ ወፍሮ ይጀምርና ይቀጥናል፤ ይቀጥንና በነጥብ ያርፋል። በዚያች ጠባብ የናሙና ሣጥን ውስጥ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሲያርፍ አይቼ አላውቅም። «ሉሕ ላይ ከጻፍሁ ስንት ዘመኔ!» አሉና ክዳኗን ራሳቸው ገጥመው መለሱልኝ። ከኋላቸው የተሰለፈው ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ያይ ነበር። «ማሻ አላህ» ያለም ነበር። ብዕሬ ከዚያ ቀን ወዲህ ትንሽ ወደ ቀኝ ታዘነብላለች፤ ላስተካክላት አልሞከርሁም።

ውድ አንባቢዬ፣ ለጽሑፍ ብዕር ግድ ነው እያልሁ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ገጣሚውና ጋዜጠኛው ነቢይ መኮንን በደርግ እስር ቤት ሳለ የማርጋሬት ሚቼልን ታላቅ ልቦለድ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብሎ የተረጎመው በሲጋራ ፓኮ ወረቀቶች ላይ ነበር፤ ወረቀቶቹ 3 ሺህ ገደማ እንደነበሩ ይነገራል። ያን ሥራ ሳስብ ስለ ብዕር ጫፍና ስለ ቀለም ዓይነት ማውራት እንደ ቅምጥልነት ይሰማኛል። መጻፍ የፈለገ በከሰልም ይጽፋል። የእኔ ነገር ሌላ ነው። እኔ የምወደው እጅ በወረቀት ላይ ጥሎት የሚያልፈውን ዱካ ነው፤ ብዕሬ ደግሞ ያን ዱካ ሳትደብቅ ታሳያለች። ስቸኩል ትቀጥናለች፤ ሳመነታ በቆምሁበት ቦታ ነጥብ ትጥላለች። ባንክም ፊርማን የሚያምነው በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል። ስም ማንም ሊጽፈው ይችላል፤ እጅ ግን የአንድ ሰው ብቻ ነው።

ይህን በሚገባ የተረዳሁት በ2016 ዓ.ም. ነው። በ2015 ክረምት በክልላችን ግጭቱ ሲበረታ ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለወራትም ሳይመለስ ቆየ። በእኛ በኩል ስልኩም ቢሆን አንድ ቀን ሲሠራ ሌላ ቀን ይጠፋ ነበር፤ መንገዱም ይከፈትና ይዘጋል። እህቴ አዲስ አበባ ናት። በዚያ መሃል አንድ ወሬ ከመንገደኛ አፍ ወደ መንገደኛ ጆሮ እየዞረ እርሷ ዘንድ ደረሰ፤ ከተማው ውስጥ አንድ የባንክ ሠራተኛ ሞተ የሚል። ስም የለውም። ስልኬ አይነሳም። ከቀናት በኋላ ከማታውቀው ቁጥር «ወንድምሽ ደህና ነው አታስቢ» የሚል አጭር መልእክት ገባላት። ያንን የላከላት ለጉዳይ ኔትወርክ ወዳለበት ከተማ የሄደ የሥራ ባልደረባዬ ነበር። እርሷ ግን ይህን በምን ታውቃለች? ሐዘንን ለማዘግየት ሰው እንዲህ ያለ ነገር እንደሚልክ ታውቃለች። መልእክቱን ስታየው የባሰ አለቀሰች።

እኔ በበኩሌ ይህን ሁሉ ሳላውቅ፣ አንድ የማውቀው ሾፌር ወደ አዲስ አበባ የሚያልፍ መሆኑን ሰምቼ አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፍሁላት። ፖስታ እንኳ አላገኘሁም፤ አጥፌ በፕላስተር አሸግሁት። ደብዳቤው በአሥራ አንደኛው ቀን ደረሰ። እህቴ ኋላ እንደነገረችኝ፣ ከመክፈቷ በፊት በጀርባው የጻፍሁትን የራሷን ስም አየች። ያን ወደ ቀኝ ያዘነበለ «ሐ»፣ ከእግሩ ሥር ሁልጊዜ የምጥለውን የቀለም ነጥብ አየች። ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። «ማንበብ አላስፈለገኝም፤ እጅህን አየሁት» አለችኝ። ደብዳቤው ውስጥ የነበረው ስለ ጤፍ ዋጋና ስለ እናታችን ጉልበት ነበር።

እናታችንም በዚያ ወረቀት ግርጌ አንድ ቃል አላት። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የለየች ሴት ናት፤ ጊዜው ከማጀቷ አላስወጣትም እንጂ ስሟን መጻፍ አልረሳችም። «እኔም ላኑርበት» ብላ ብዕሬን ተቀብላኝ ጎንበስ አለች። እጇ ስለከበደ ጫፏ ወረቀቱን ትንሽ ቀደደው። ስሟን አሟልታ ጻፈች።

ዛሬ ኔትወርኩ ተመልሷል። ከእህቴ ጋር በስልክ እንነጋገራለን፤ ፎቶ እንላላካለን። ደብዳቤው ግን አልቀረም፤ «በየወሩ አንድ ገጽ» ብላ አዘዘችኝና ትእዛዟን እየፈጸምሁ ነው። ቀለም በከተማችን ስለማይገኝ ጠርሙሱን የምትልክልኝ እርሷ ናት፤ በመልስ የምትጠጣው እኔን ነው። ያለፈው ጠርሙስ ከግማሽ በታች ወርዷል። እስኪመጣ ድረስ እንድትበቃኝ ግጥሞቼን ለጊዜው በእስክሪብቶ እየጻፍሁ ነው፤ የተረፈው ቀለም ለደብዳቤው ነው።